ስለ ጨጨሆ ቁልቁለትና ስለ ጭነት መኪና ነጂዎች ትምህርት

ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳ አያያዝና ስለ ቤት ንጽሕና ሲጻፍ ስለ ኖረ፣ ዛሬ ስለ ከባድ የጭነት መኪናና ስለ ነጂው ትምህርት ለመናገር መነሣታችን ነገሩን ከቦታው የወጣ ያስመስለው ይሆናል። ዳሩ ግን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖር ባለቤት በጓዳው ያለው ጨው፣ ዘይትና ስኳር፣ ለማሳው የሚጨምረው ማዳበሪያ፣ ለቤቱ የሚከድነው ቆርቆሮ፣ ዝናም በጎደለበት ዓመትም የሚረዳበት እህል ሁሉ የሚመጣለት በጭነት መኪና ነው። ከአገሩ የሚወጣውም ድንችና ባሕር ዛፍ የሚሄደው በዚሁ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ከሚታገዙት ወረዳዎች ጋር ሲቈጠሩ የኖሩ ስለ ሆኑ፣ በዚያ አገር አንድ መኪና እህል ገደል ገባ ማለት የአንድ ነጋዴ ኪሣራ ብቻ አይደለም። ከዚህም ሌላ ነጂ ወይም ረዳት ሆኖ ልጅ ያልወጣበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ነገሩ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእናቶችና የአባቶችም ጉዳይ ነውና፣ በዚህ ገጽ ቢነገር ነውር የለበትም።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ የመንገዱን ጠባይ በጥቂቱ እንገልጻለን። ወረታ በፎገራ ሜዳ ላይ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ቆላ ቀመስ ከተማ ናት። ከዚያ ተነሥቶ ዓለም በርን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መኪና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከደብረ ታቦር ወዲያ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሆነውን የጉናን ተራራ ተጠግቶ በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ላይ ጋይንት ዋና ከተማ ወደ ነፋስ መውጫ ይደርሳል። ነፋስ መውጫ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ያለች ስትሆን፣ ስሟን ያወጣላት ሰው ምንም አላጋነነም፤ ክረምት በገባ ጊዜ ጉሙ ከነጂው ፊት ያለውን አሥር እርምጃ ይሸፍነዋል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሚቀጥለው መንገድ ግራና ቀኙ ገደል በሆነው በጨጨሆ በር አልፎ፣ ወሎ ምድር ገብቶ፣ በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ ይወርዳል። ዋናውን መንገድ ለቆ ወደ ታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ ወደ ስማዳ ወገዳ፣ ወይም ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ የሚዞር መኪና ደግሞ ከዚህ የሚጠብና የሚጠመዘዝ መንገድ ይጠብቀዋል።

ከወረታ እስከ ወልድያ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ይህ ጐዳና በሕዝቡ ዘንድ «ቻይና መንገድ» ይባላል። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ከጐበኙ በኋላ በተደረገው የርዳታ ስምምነት የቻይና መሐንዲሶች የሠሩት ሲሆን፣ ሥራው የተፈጸመው በደርግ ዘመን ነው። መጀመሪያ ጠጠር ነበረ፤ ኋላ አስፋልት ለበሰ። አስፋልቱ በለበሰ ጊዜ ሁሉም ደስ አለው፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ጠጠር ራሱ አንድ ዓይነት አስተማሪ ነበር፤ መኪናን ያንገጫግጫል፤ ነጂውንም በግድ ቀስ ያሰኘዋል። አስፋልት ግን ዝም ይላል፤ ለቸኰለ ሰውም አይቈጣም። ዛሬ በወረታ ደረቅ ወደብ ስለ ተሠራ፣ ከጂቡቲ ተነሥቶ በሚሌና በወልድያ በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ባሕር ዳር ምድር የሚመጣው ጭነት በዚሁ በጋይንት ራስ ላይ ያልፋል። የአገራችን የወጪና የገቢ ንግድ ከመቶው ከ90 የሚበልጠው በጂቡቲ ወደብ የሚያልፍ መሆኑን ስናስብ፣ የዚህ መንገድ ሸክም ለምን እንደ በዛ ይገባናል።

በዚህ አገር ከባድ ጭነት በመንኰራኵር ሲያልፍ ግን የመጀመሪያው አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ያስወሰዱት በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነበረ። መድፉ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። የሚጐተትበትን ሠረገላ ያበጁት በጋፋት የነበሩት የአውሮፓ ሠራተኞች ናቸው፤ መንገዱን ግን ከፊት እየቀደመ የጠረገው የንጉሡ ሠራዊት ነው፤ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ እንደ ነበር በዚያ ጊዜ በእስር ከነበሩት እንግሊዞች መካከል ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። በመቶ የሚቈጠር ሰው ጠፍር ይዞ ሲወጣ ይጐትት፣ ሲወርድ ደግሞ ወደ ኋላ ይይዝ ነበር። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው፤ ወደ ስድስት ወር የፈጀ ጉዞ ማለት ነው። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል፤ 70 ኩንታል ብረት ቁልቁል ለማውረድ አንድ ንጉሠ ነገሥት ሠራዊቱን ሁሉ ከኋላው አሰለፈ። ዛሬ ተሳቢ ያለው መኪና የዚያን ስድስት እጥፍ የሚጠጋ፣ 400 ኩንታል ያህል ጭኖ በዚያው አገር ሲወርድ ከኋላ የሚይዘው የአንድ ወጣት ቀኝ እግር ብቻ ነው።

ይህን ያልነው ለማስፈራራት አይደለም። መኪናው ለዚህ ሥራ የሚሆን ዘዴ ተሰጥቶታል፤ ችግሩ ዘዴውን ማወቅ ላይ ነው። ነገሩ በቀላሉ ሲገለጥ እንዲህ ነው። ከፍ ካለ ቦታ የሚወርድ ክብደት ጕልበቱን የሚያራግፍበት ቦታ ይሻል። በፍሬን ብቻ የተያዘ እንደሆነ ጕልበቱ ሁሉ በጎማው ውስጥ ባለው ታምቡርና በፍሬኑ ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ያርፋል። 400 ኩንታል ጭነት 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚያወጣው ሙቀት፣ የመኪናው የራሱ ክብደት ሳይቈጠር፣ አምስት በርሜል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከነፋስ መውጫ እስከ ወረታ ያለው የከፍታ ልዩነት ደግሞ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ያን ያህል እሳት የተሸከመ ሸራ መጀመሪያ ይሸታል፤ ቀጥሎ ይጤሳል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ቅቤ ይሟልጫል እንጂ አይዝም። በዚህ ጊዜ ነጂው «ፍሬን እንቢ አለኝ» ይላል። እንቢ ማለቱስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፍሬኑ እንቢ ከማለቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲለምን ነበረ፤ ቋንቋውን የሚያውቅለት ሰው አጣ እንጂ።

የቀድሞ ነጂዎች ይህን በአንድ ቃል ያስተምሩት ነበር፦ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ይኸውም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ መኪናው ገና ቀስ እያለ ሳለ፣ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ ጭነቱን ወደ ኋላ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ፍሬኑ የሚነካው አልፎ አልፎ ነው፤ ተይዞ ይለቀቃል እንጂ እግር ተጭኖበት አይቈይም። በመካከለኛው ቁልቁለት ላይ ማርሽ ለመለወጥ የሚሞክር ሰው ግን ካምቢዮው ዐልገባ ይለውና በዜሮ ማርሽ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቀው ገደሉ ነው። ከሁሉ የከፋው ነዳጅ ለመቈጠብ ተብሎ አስቀድሞ ሆን ብሎ በዜሮ ማርሽ መውረድ ነው። ይህ ልማድ ከየት መጣ ብለን ብንመረምር ከስንፍና የመጣ አይደለም። ለነጂው ነዳጅ በልክ ተሰፍሮ የሚሰጥበት፣ የተረፈውም ለእርሱ የሚሆንበት ቦታ አለ። እንደዚህ ያለው ባለንብረት ሳያውቀው በየቁልቁለቱ ለነጂው ጉቦ ይሰጣል ማለት ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። ጋይንት ስለ ትምህርትና ስለ ምስክርነት ከማንም ምክር የሚቀበል አገር አይደለም። የድጓ ተማሪ በየትም ይማር በየት፣ ተመስክሮለት መምህር ለመባል የሚመጣው ወደ ጋይንት ቤተልሔም ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከረውም በዙር አምባ ነው። በነዚህ ጉባኤዎች የሆነውን የሚያውቅ ሰው እንደሚመሰክረው፣ ደቀ መዝሙሩ ዓመታት ቈጥሮ፣ ቀለሙን ሁሉ ከመምህሩ ፊት አውጥቶ፣ የተሳሳተውን ታርሞ ካላለፈ በቀር፣ የአባቱ ባለጸጋነት ወይም የአገሩ ርቀት አይታሰብለትም። በዜማው ቢሳሳት የሚጐዳ ሰው የለም፤ ጆሮ ያለው መሪጌታ ከመቈጣቱ በቀር። ያም ሆኖ ጥንቃቄው ይህን ያህል ነው። በዚያው ቤተልሔም አጠገብ በሚያልፈው መንገድ 400 ኩንታል ይዞ የሚወርደው ሰው ግን ያለፈበት ትምህርት በወራት የሚቈጠር ነው፤ የተለማመደበትም መኪና ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ባዶ መኪና መንዳት የተማረ ሰው ሙሉ መኪና መንዳት ተማረ ሊባል አይቻልም፤ ሁለቱ የተለያዩ እንስሶች ናቸው።

ሕግ የለም ለማለት አይደለም። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 600/2000 ወጥቶ፣ እርሱም በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ተተክቷል። በቀድሞው አከፋፈል ተሳቢ የሚነዳ ሰው «አምስተኛ» ይባል ነበር፤ አምስተኛ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በሰፈሩ እንደ ፊታውራሪ የሚታይበት ጊዜ እንደ ነበረ የምናስታውስ አለን። ዳሩ ግን ፈቃድ የሚያረጋግጠው ሰውየው መንዳት የሚችል መሆኑን ነው። ጨጨሆን በጉም፣ በሌሊት፣ ከሙሉ ጭነት ጋር መውረድ የሚችል መሆኑን ማረጋገጥ የአሠሪው ድርሻ ነው፤ መንግሥት ለእያንዳንዱ ቁልቁለት ፈተና ሊያቆም አይችልምና።

የቀድሞው ትምህርት ቤት ረዳትነት ነበር። ረዳቱ ልጅ ሆኖ ይገባል፤ ጎማ ይፈታል፤ ውኃ ይሞላል፤ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ታኮውን ይዞ ዘሎ ከጎማው ሥር ያደርጋል፤ ሌሊት ከጭነቱ ጋር ያድራል። በሕዝቡ ዘንድ «ኤንትሬ» የተባለው የፊያት መኪና በየዳገቱ ሲያጓራ በነበረበት ዘመን፣ ረዳቱ ዓመታት ከነጂው ጎን ተቀምጦ የሞተሩን ድምፅ እየሰማ ማርሽ መቼ እንደሚለወጥ በጆሮው ይማር ነበር። ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡ ማለፊያ ነጂዎች ብዙ ናቸው፤ ክብርም ይገባቸዋል። ዳሩ ግን ይህ ትምህርት ቤት መጽሐፍም ፈተናም የለውም፤ መምህሩ ደግ ከሆነ ደቀ መዝሙሩም ደግ ይሆናል፤ መምህሩ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ከሆነ ልጁም ያንኑ ይወርሳል። የዛሬዎቹ መኪኖች ደግሞ ፈጣኖች ናቸው። ሕዝቡ የሚያየውን በስም መግለጥ ልማዱ ነውና፣ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ሰይሟቸዋል። ፋብሪካዎቹ ይህን ስም ቢሰሙ ያዝኑ ነበር፤ ስሙ የወጣው ግን ለብረቱ ሳይሆን ለአነዳዱ ይመስለናል።

በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ ያለ ሰው የሰውን መከራ በመዝገብ ቁጥር ተከፍሎ ስለሚያየው ልቡ የደነደነ ይመስለዋል። ቢሆንም አንዳንድ መዝገብ ከእጅ አይለቅም። ስሙን የማንጠራው አንድ ትልቅ የጭነት ድርጅት የቀጠረው ነጂ፣ ዕድሜው 26 ዓመት የሆነ፣ ቀድሞ በአፋር ሜዳ ላይ ብቻ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ በተቀጠረ በሦስተኛው ሳምንት እህል ጭኖ ወደ ጋይንት ተላከ። ጊዜው ነሐሴ ነበር። መኪናው ተገለበጠ፤ ነጂው ሲተርፍ፣ የ17 ዓመቱ ረዳት የስማዳ ልጅ ሞተ። ዳኛው ነጂውን፣ «በዚህ መንገድ ከዚህ በፊት ነድተህ ታውቃለህን?» ብለው ጠየቁት። «አላውቅም፣ ክቡር ዳኛ።» «መንገዱን የሚያውቅ ሰው አብሮህ እንዲሄድ ድርጅቱ ሰጥቶህ ነበርን?» «ጂ.ፒ.ኤስ. ያሳይሃል አሉኝ።» በችሎቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ያ መሣሪያ የት እንዳለህ ይነግራል፤ ማርሽህ ስንት እንደሆነ ግን አይጠይቅም።

የልጁ አባት ጋቢያቸውን አጣፍተው እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙና፣ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ጌቶቼ፣ ልጄ በድርጅቱ መዝገብ ስሙ ተጽፎ ነበር ወይ?» አልተጻፈም። ልጁን የቀጠረው ነጂው ነው፤ የሚከፍለውም ከውሎ አበሉ ላይ ቀንሶ ነበር። ድርጅቱ የመኪናውን ሰሌዳ፣ የጎማውን ቁጥር፣ የጆንያውንም ብዛት በመዝገብ ይዟል፤ የልጁን ስም ግን አልያዘም።

ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጥፋቱ የእርሱ ባይሆንም እንኳ፣ ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። እንዲሁም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543፣ በቸልተኝነቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው የገደለ፣ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብ አውቆ የጣሰ ሰው ከአምስት እስከ ዐሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይናገራል። ክቡራን አንባቢዎቻችን ከነዚህ ሁለት አንቀጾች የመጀመሪያውን አጥብቀው ቢያነቡ መልካም ነው፤ መኪና ገዝተው ለወንድም ልጅ ወይም ለአማች የሰጡ ብዙ ሰዎች ሁለተኛውን እንጂ የመጀመሪያውን አያውቁምና። ነጂው ወደ ወኅኒ ሲሄድ ካሣው ወደ ባለንብረቱ ቤት ይመጣል።

በሌላው ዓለም ይህ ነገር እንዴት እንደሚያዝ ጥቂት ብንመለከት ይጠቅመናል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ፣ የከባድ መኪና ነጂ ከመንጃ ፈቃዱ ሌላ የሙያ ማረጋገጫ እንዲኖረው አዘዘ፤ ሙሉው ትምህርት 280 ሰዓት ነው፤ አጠር ያለው 140። ይህም ከተፈጸመ በኋላ በየአምስት ዓመቱ 35 ሰዓት እንደ ገና ይማራል፤ ሽበት ያለውም ቢሆን አይቀርለትም። ስለ ዕረፍትም እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ደንብ አራት ሰዓት ተኩል የነዳ ሰው 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፤ በቀን ከዘጠኝ ሰዓት በላይ አይነዳም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እስከ ዐሥር ሰዓት ይፈቀድለታል። ይህንንም የሚቈጣጠር ታኮግራፍ የሚባል መሣሪያ በመኪናው ውስጥ አለ፤ ነጂው ቢምል ቢገዘት መሣሪያው የጻፈውን ይናገራል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2022 ወዲህ ለከባድ መኪና ፈቃድ የሚፈተን አዲስ ነጂ፣ በመንግሥት መዝገብ ላይ ከተጻፈ አሠልጣኝ ዘንድ ሳይማር ለፈተና አይቀርብም።

የአሜሪካው ዩ.ፒ.ኤስ. የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1907 የተመሠረተ ትልቅ የዕቃ አመላላሽ ኩባንያ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በዋሽንግተን አጠገብ ባቋቋመው ማሠልጠኛ አንድ የሚያስቅ ነገር አድርጓል፤ ወለሉን ሆን ብሎ አሟልጮ ተማሪዎቹ ዕቃ ይዘው እንዲራመዱበትና እንዲንሸራተቱ ያደርጋል፤ እንዳይጐዱም በገመድ ታስረው ነው። ሰው ሳይወድቅ መውደቅን እንዲያውቅ ነው። በግቢው ውስጥም ትንሽ ከተማ አስመስሎ ሠርቶ ጐዳና ላይ ሳይወጡ ይነዱበታል። ይኸው ኩባንያ 25 ዓመት ሙሉ ሊከለከል የሚችል አደጋ ሳያደርስ የነዳ ሰው ሲገኝ ስሙን በክብር መዝገብ ይጽፋል። እኛ አገር አደጋ ያደረሰ ነጂ ስሙ በሬዲዮ ይነገራል፤ 25 ዓመት በጨጨሆ ተመላልሶ አንድ በግ እንኳ ያልገጨውን ሰው ግን ጡረታ በወጣበት ቀን የሚያየው ዘበኛው ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ሁሉ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ከሁሉ አብልጦ የሚገድለው ይኸው ነው። ይህን ቁጥር ያመጣነው ለቁጥሩ አይደለም፤ የሟቾቹ ዕድሜ የረዳቶቻችን ዕድሜ ስለ ሆነ ነው።

ስለ ድርጅቶቻችን ስንናገር፣ ትልቅ ድርጅት ትልቅ መሆኑ ለሕዝቡ ጥቅም የሚኖረው በዚህ ሥራ ላይ ሲታይ ነው። እንደ ጥቁር ዓባይ ትራንስፖርት ወይም እንደ ኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ያለ ብዙ መኪና የሚያስተዳድር ድርጅት፣ ሁለት መኪና ያለው ነጋዴ ሊያደርገው የማይችለውን ማድረግ የሚችል ነው። ጋራዥ ማቆም፣ አስተማሪ መቅጠር፣ አዲሱን ነጂ ከአንጋፋው ጋር አጣምሮ መላክ ለእርሱ ከአቅም በላይ አይሆንም። የኛ ሐሳብ እንዲህ ነው። ማንኛውም ነጂ አዲስ በሆነበት ቁልቁለት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምልልሶች መንገዱን ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሂድ፤ ከሦስቱም አንዱ በክረምት ይሁን። በምልልስ ብዛት የሚከፈል ጉርሻ ይቅርና በደኅና በተመላለሰበት ወር ይከፈለው፤ ፈጥኖ የደረሰውን የሚሸልም ድርጅት አደጋውን አስቀድሞ ዋጋ ከፍሎ ገዝቶታል። የተረፈ ነዳጅ ለነጂው የሚሆንበት ልማድ ፈጽሞ ይቅር። ሁለትና ሦስት መኪና ያላቸው ባለንብረቶች ደግሞ በማኅበር የተደራጁ ስለ ሆኑ፣ ማኅበሩ አንድ አስተማሪ በጋራ ቢቀጥር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ ከአንድ ጎማ ዋጋ አይበልጥም ብለን እንገምታለን።

አንዳንድ ባለንብረቶች «አስተምሬው ወደ ሌላ ድርጅት ይሄድብኛል» ይላሉ። ይህ ክርክር ባዶ አይደለም፤ ይሄዳልና። ነገር ግን ሳይማር ቢቀርስ የት ይሄዳል?

በዓባይ በረሃ፣ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ነጂዎች ወደ ቁልቁለቱ ከመግባታቸው በፊት ቆመው ጎማቸውን ሲመቱና ፍሬናቸውን ሲመለከቱ ያየ ሰው ብዙ ነው። ዓባይ ስሙ የተፈራ ነው። ጨጨሆና የዓለም በር ቁልቁለት ግን ዝናቸው በነጂዎች ዘንድ እንደዚያ ስላልወጣ፣ ከሩቅ የመጣው ሰው ሳይጠነቀቅ ይገባባቸዋል። ስለዚህ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር ከተሞች መውጫ ላይ ከባድ መኪናዎች ዳር ይዘው የሚቆሙበት ሰፊ ቦታ ቢጠረግ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ቁልቁለት እንዳለና በስንተኛ ማርሽ መውረድ እንደሚገባ በትልቁ ቢጻፍ፣ ወጪው ጥቂት ነው። የከተማዎቹም ባለ ሻይ ቤቶች ይጠቀሙበታል።

አሁን ደግሞ ወደ ቤት እንመለስ። የነጂ ሚስት ወይም እናት የሆነች አንባቢያችን ይህን ትስማን። ባልሽ በመንገድ ላይ ሳለ ስልክ አትደውዪለት፤ ሲያርፍ እርሱ ይደውል። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ነጂው ስልኩን በዐይኑ በጠቀሰባት በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህ የአንድ ትልቅ ቤት ርዝመት ነው። ሲነሣም የመንገድ ተብሎ አረቄ አይቀዳለት፤ የጋይንት አረቄ ለእንግዳ ክብር ነው፤ ለነጂ ግን ጠላቱ ነው። ሌሊት ሳይተኛ ጫት እየቃመ የሚነዳ ሰው ነቅቷል ብላችሁ አትታለሉ፤ ዐይኑ ቢከፈትም አሳቡ ይተኛል፤ ሲተኛም ሳያስታውቅ ነው። ለገበያ፣ ለሠርግና ለለቅሶ በጭነት ላይ መሳፈርም እጅግ የተለመደ ስለ ሆነ ነውር መሆኑ ተረስቷል። ጭነት ሲገለበጥ ከላይ ያለው ሰው ከሥር ይሆናል። ሽማግሌዎችና ካህናት በየሰንበቴው ይህን ቢናገሩ ከትራፊክ ፖሊስ ፉጨት ይልቅ ይሰማሉ።

ልጃችሁን ለረዳትነት የምትሰጡ አባቶችም ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የሚቀጥረው ማን ነው? ድርጅቱ ነው ወይስ ነጂው? ሁለተኛ፣ ስሙ በመዝገብ ይጻፋልን? ሦስተኛ፣ የሚቀመጠው በጋቢና ውስጥ ነው ወይስ በጭነቱ ላይ? የመጀመሪያው ጥያቄ አሳፋሪ መስሎአችሁ ዝም አትበሉ፤ በሬ ስትገዙ ጥርሱን ትመለከቱ የለምን?

የረዳቶች የሥራ ውል እንዴት እንደሚጻፍ፣ ምን ምን ቃል እንደሚገባበትና ወላጅ የት ላይ እንደሚፈርም በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ገጽ እናወጣለን፤ ምሳሌ የሚሆነውንም ውል ቀድቶ ለማኖር የሚሻ አንባቢ ጋዜጣውን ያስቀምጥ።